የሸራ ጀልባ ሞተር፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

የሸራ ጀልባ ሞተር ረዳት ነው፤ ጀልባዋ በነፋስ ስትጓዝ ጠፍቶ የሚቆይ፣ ወደብ ስትገባና ስትወጣ ወይም ነፋስ ሲጠፋ ብቻ የሚነሳ በመሆኑ ብዙውን ጊዜ በዓመት ከ100 ሰዓት በላይ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠሩ አነስተኛ የናፍጣ ሞተሮች ዛሬም በሜዲትራኒያን ወደቦች የሚገኙት በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ የሚፈጃቸው በአመዛኙ ዝገት ነው። በተለይ የባሕር ውኃ በቀጥታ በሞተሩ አካል ውስጥ እየተዘዋወረ የሚያቀዘቅዛቸው ዓይነቶች፣ ጨው የውኃ መተላለፊያቸውን እየደፈነና ብረታቸውን ከውስጥ እየበላ ስለሚሄድ፣ የሰዓት ቆጣሪያቸው ጥቂት ቢያሳይም ዕድሜያቸው ተሟጦ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ጊዜ የብዙ ባለቤቶች የመጀመሪያ ክርክር «አምና የነዳጅ ፓምፑን በውድ አስቀይሬ እንዴት እጥለዋለሁ?» የሚል ነው። በኢኮኖሚክስ ይህ የማይመለስ ወጪ ይባላል፤ ሞተሩ ቢቆይም ቢነሳም ተመልሶ የማይገኝ ገንዘብ ስለሆነ በውሳኔው ውስጥ ቦታ የለውም። ሊነጻጸሩ የሚገባቸው አሮጌው ሞተር በሚመጣው ዓመት የሚያስወጣው ገንዘብና የአዲሱ ዓመታዊ አቻ ወጪ ናቸው፤ ይህም የግዢና የመግጠሚያ ዋጋው፣ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ቢቀመጥ ያስገኝ ከነበረው ወለድ ጋር ታስቦ፣ በአገልግሎት ዘመኑ ላይ እኩል ሲከፋፈል የሚደርሰው የየዓመቱ ድርሻ ነው።

ለማሳያ ያህል አዲሱ ሞተር ተገጥሞ 15,000 ዩሮ ይፍጅ፣ ወለዱም 5 በመቶ ይሁን። ባለቤቱ 20 ዓመት የሚገለገልበት ከሆነ ዓመታዊ ድርሻው 1,200 ዩሮ ገደማ ነው። ጀልባዋን ከ5 ዓመት በኋላ የሚሸጣትና ገዢው ለሞተሩ ብሎ 5,000 ዩሮ ብቻ የሚጨምርለት ከሆነ ግን ድርሻው ወደ 2,560 ዩሮ ያሻቅባል። ስለ ሞተሩ ዕድሜ ብዙ የሚከራከሩ ሰዎች ባለቤቱ ጀልባዋን ለምን ያህል ዓመት ሊይዛት እንዳሰበ ሳይጠይቁ መቅረታቸው ያስገርማል። የሻጩ ዋጋም አብዛኛውን ጊዜ የሞተሩ ብቻ ነው፤ እግሮቹ በአሮጌው መቀመጫ ላይ ልክ ካልገቡ ወይም የካምቢዮው የማርሽ ምጥጥን ከተለየ፣ መቀመጫውም ፕሮፔለሩም አብረው ይቀየራሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ የሚኒባስ ባለቤት ሞተሩ ሲቆምበት የዕለት ገቢው ስለሚቀር ኪሳራውን በብር ቆጥሮ ይደርስበታል። የመዝናኛ ጀልባ ግን ገቢ የላትም፤ የብልሽቱ ዋጋ የሚታየው ነፋስ ወደ ድንጋያማ ዳርቻ በሚገፋበት ሰዓት ሞተሩ አልነሳም ሲል ነው። ይህ አደጋ፣ የመድረስ ዕድሉ በጉዳቱ መጠን ተባዝቶ፣ በአሮጌው ሞተር ወጪ ላይ ሊደመር ይገባል፤ በተከለለ ሰላጤ ውስጥ ለሚንሸራሸር ሰው አነስተኛ ሲሆን፣ ወደ ክፍት ባሕር ለሚወጣ ግን ሌላውን ስሌት ሁሉ ሊያስረሳ ይችላል።

ከውሳኔው በፊት ለምርመራ የሚወጣው ገንዘብ ከሁሉም ርካሹ ነው። የባሕር ውኃ ከጭሱ ጋር የሚቀላቀልበት ቆልማማ ቱቦ በጥላሸትና በጨው ሲደፈን ሞተሩ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጉልበቱም ይደክማል፤ ምልክቱ ካለቀለት ሞተር ጋር ስለሚመሳሰል፣ የሲሊንደሮቹ የእመቃ ግፊት ተለክቶ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ የሚቀየረው ያ ቱቦ ብቻ ሊሆን ይችላል።