የጋራው መዝገብና የየራሳችን ፋይል

ብዙ ተማሪዎች አንድን ፕሮግራም በጋራ ስንሠራ፣ ማን ምን እንደለወጠ የሚመዘግብልን ጊት የተባለው ሥርዓት ነው። ጊትን እ.ኤ.አ. በ2005 ሊኑስ ቶርቫልድስ የሠራው፣ በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች ሊኑክስን አብረው እንዲያዘጋጁበት ነበር። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ሙሉውን የለውጥ ታሪክ ስለሚይዝ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራው አይቆምም።

ይሁን እንጂ የሁላችንም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ከሱቅ ዐረቢ በተገዛ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ሌላው በትምህርት ቤት ኮምፒውተር ይሠራል። የዳታቤዙ አድራሻና የይለፍ ቃሉም ይለያያል። እነዚህን የያዘው ፋይል ወደ ጋራው መዝገብ ከገባ የአንዱ ለውጥ የሌላውን ሥራ ያበላሻል። ከሁሉ የከፋው ግን የይለፍ ቃሉ ለሁሉም መታየቱ ነው። ፕሮግራሙ የተማሪዎችን ውጤት የሚይዝ ከሆነ ጉዳቱ ከባድ ነው። የዕድር መዝገብ የአባላቱ ሁሉ ነው፤ የጸሐፊው የኪስ ማስታወሻ ግን የራሱ ነው። ሁለቱ መቀላቀል የለባቸውም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ፋይሉ ገና ካልተመዘገበ ስሙን ጊትኢግኖር በሚባለው ፋይል ውስጥ እንጻፍ። ጊት ያልፈዋል። አስቀድሞ ለተመዘገበ ፋይል ግን ይህ አይሠራም።

ሁለተኛ፣ በተመዘገበ ፋይል ላይ ስኪፕ ወርክትሪ የሚባለውን ምልክት ብናደርግ ጊት በእኛ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ለውጥ አያሳይም። ነገር ግን ጓደኞቻችን ያንኑ ፋይል ለውጠው ሲልኩልን ግጭት ይነሣል። ስለዚህ ዘላቂ መፍትሔ አይደለም።

ሦስተኛውና የተሻለው፣ የጋራውንና የግሉን መለየት ነው። ወደ መዝገቡ የይለፍ ቃል የሌለበት ናሙና ፋይል ብቻ ይግባ። እያንዳንዱ ናሙናውን ቀድቶ የራሱን ይሙላ፤ የቅጂው ስም በጊትኢግኖር ይጻፍ። ቀድሞ የገባውን ፋይል ከመዝገቡ ስናወጣም ጓደኞቻችንን እናስጠንቅቅ፤ ለውጡን ሲቀበሉ ፋይሉ ከእነሱ ኮምፒውተር ሊጠፋ ስለሚችል አስቀድመው ቅጂ ይያዙ።

በመጨረሻም ታናናሾቻችን ይህን አትርሱ፦ አንድ ጊዜ የተመዘገበ የይለፍ ቃል ፋይሉ ቢወጣም በታሪኩ ውስጥ ይቀራል። መፍትሔው መደበቅ ሳይሆን የይለፍ ቃሉን ወዲያው መቀየር ነው።