ሁለቱ የኒው ዮርክ ሸክላዎች

እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ በታተመ አንድ የጃዝ ሸክላ ላይ «ከረዩ» የሚል ርእስ ያለው ሙዚቃ አለ። አዋሽ ሰባት ለሚኖር ሰው ከረዩ የሩቅ ስም አይደለም፤ በፈንታሌና በመተሐራ ዙሪያ ግመልና ከብቱን የሚያሰማራ ጎረቤቱ ነው። እዚያው ሸክላ ላይ ጅጅጋን የሚጠራ ሙዚቃ አለ፤ የአዲስ አበባዋን ልጅ የሚያነሳም አለ። እነዚህን ስሞች ባሕር አሻግሮ ያስቀረጻቸው ሃያዎቹን ገና የጀመረው የጅማ ተወላጅ ሙላቱ አስታጥቄ ነው።

የሙላቱ ስም ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይታወቃል። ይህም የሆነው በ1998 በወጣው «ኢትዮፒክስ» የተባለ ተከታታይ አልበም ቁጥር 4 እና በ2005 ሙዚቃዎቹን በተጠቀመው የጂም ጃርሙሽ ፊልም ነው። በ1966 ወርዚ በሚባል ትንሽ አሳታሚ በኩል የወጡት «አፍሮ ላቲን ሶል» ቁጥር 1 እና 2 ግን አድማጫቸው ጥቂት ነው። ኢትዮ ጃዝ ከየት እንደተነሳ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከእነዚህ ቢጀምር እመርጣለሁ፤ ሐሳቡ ገና ሲፈለግ የሚሰማው እዚህ ነውና።

ሙላቱ ከአገር የወጣው ምሕንድስና ሊማር ነበር። ዌልስ ውስጥ ሙዚቃ ያዘው፤ ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተማረ፤ ከዚያም ቦስተን በርክሊ ገባ፤ ለትምህርት ቤቱ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ሆነ። ኒው ዮርክ ላይ «ኢትዮጵያን ኩዊንቴት» ያለውን ቡድን ሲያቋቁም አብዛኞቹ አብረውት የተጫወቱት የፖርቶ ሪኮ ልጆች ነበሩ። ስለዚህም ማምቦው፣ ቻቻው፣ ኮንጋው። «ይፈራም ጋሜ ይፈራም» የተባለው የጥንት የጀግና ዜማ በቁጥር 1 ላይ በስፓኒሽ ይዘፈናል! ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ቀና ማለቱ አይቀርም።

የሙላቱ መሣሪያ ቫይብራፎን ነው። ብረት ርብራቦች ተደርድረው፣ ከእያንዳንዳቸው ሥር ቱቦ ተንጠልጥሎ፣ በጨርቅ ወይም በክር በተጠቀለለ በትር ይመታሉ። በቱቦዎቹ አፍ ላይ በሞተር የሚሽከረከሩ ክብ ሳህኖች ድምፁን ያርገበግቡታል፤ በእግር የሚረገጠው ፔዳል ደግሞ ድምፁ እንዲረዝም ወይም እንዲቆረጥ ያደርጋል። መሣሪያው የተወለደው አሜሪካ ውስጥ በ1920ዎቹ ነው፤ ላዮኔል ሃምፕተንና ሚልት ጃክሰን ለጃዝ አበቁት። ሙላቱ ደግሞ ቅኝታችንን አሸከመው።

ዋናው ጭንቅም ያለው እዚህ ቅኝቱ ላይ ነው፤ ባቲን እንውሰድ። ከሚሌ ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣው መንገድ ባቲን ያቋርጣል፤ አፋሩ ግመሉን እየነዳ ሰኞ ገበያ የሚወጣባት፣ ከኦሮሞና ከአማራ ጋር የሚገበያይባት ከተማ ናት። በስሟ የሚጠራው ባቲ ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ቅኝቶች አንዱ ነው። ቅኝቶቹ የሚቆሙት በአምስት ድምፅ ነው። የጃዝ ስምም (ሃርመኒ) ግን አሥራ ሁለቱንም ድምፆች ይጠቀማል። ኮርዱ ያለ ጥንቃቄ ከተከመረ ባቲው ባቲነቱን ያጣል፤ የሰማነው ማንኛውም የአሜሪካ ዜማ ይሆናል። የሙላቱ መላ አምስቱን ድምፆች ከፊት አቁሞ ስምሙን ከሥር እንዲሄድ ማድረግ ነው፤ ዜማው ሳይደፈር ይለብሳል።

በ1966 ይህ ሁልጊዜ አልተሳካም። አንዳንዶቹ ሙዚቃዎች በዚያን ዘመን ኒው ዮርክ ከሚጨፈርባቸው ብዙ ማምቦዎች የሚለዩበት ነገር የላቸውም፤ ይህን መደበቅ ሙላቱን ማክበር አይመስለኝም። ቢሆንም በዚያው ዘመን የነበረውን የጃዝ አቅጣጫ ማየት ይጠቅማል። በ1958 ባሲስቱ አሕመድ አብዱል ማሊክ «ጃዝ ሰሃራ» ላይ ዑድ ከሳክስፎን ጋር አገናኘ፤ በ1960 ፒያኒስቱ ራንዲ ዌስተን በላንግስተን ሂዩዝ ግጥም «ኡሁሩ አፍሪካ»ን ቀረጸ። ሁለቱም አሜሪካ ተቀምጠው ወደ ምሥራቅና ወደ አፍሪካ ያዩ ሰዎች ናቸው። ሙላቱ ግን በልጅነቱ ጆሮው የጠገበውን ይዞ ወደ እነሱ የሄደ ነው፤ የሸክላዎቹ ልዩ ቦታም ይኸው ነው።

በ1972 ወደ ኒው ዮርክ ተመልሶ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ»ን ለዚያው ለወርዚ ሲቀርጽ ልዩነቱ ጎላ። «ኩሉን ማን ኳለሽ» የሚለው የሰርግ ዜማ በዚያ አልበም ውስጥ ቀስ ብሎ፣ ባሱ ከብዶ ይመጣል። በሚቀጥለው ዓመት ዱክ ኤሊንግተን ከነባንዱ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ሙላቱ ከታላቁ ሰው ጎን ለመቆም የሚያበቃ ሥራ በእጁ ነበረው።

ከአዋሽ ተነስቶ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሰመራ የሚጓዝ ሰው ለማድመጥ በቂ ጊዜ አለው። ስትሩት የተባለው አሳታሚ የ1972ቱን በ2017፣ ሁለቱን የ1966 አልበሞች በ2018 እንደገና አውጥቷቸዋል። «መስከረም ሲጠባ» በ1966ም በ1972ም ተቀርጿል፤ መጀመሪያ የቀደመውን፣ ወዲያው የኋለኛውን ማድመጥ ነው። ዜማው አንድ ሆኖ ሳለ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ከሥሩ የተለወጠው ሁሉ በግልጽ ይሰማል።