በመኪና ታችኛ አካል ላይ ስለሚደርሰው ዝገት፤ ማስወገጃውና መከላከያው

ለንግድ ሥራ የተሰለፈ መኪና ባለቤቱን የሚያገለግለው ሞተሩ ስለ ሠራ ብቻ አይደለም፤ ሞተሩንና ጭነቱን የተሸከመው ብረት ጤናማ ሆኖ ሲገኝ ጭምር ነው። ሞተር ሲታመም ድምፅ አሰምቶ ባለቤቱን ያስጠነቅቃል፤ ዝገት ግን ዓይን በማያየው ስፍራ፣ ከመኪናው ሥር ሆኖ፣ ዝም ብሎ ሥራውን ይሠራል። ብዙውን ጊዜ የሚታወቀውም የፍሬን ቧንቧ ከተበሳ፣ የባሌስትራ ማንጠልጠያ ከተሰበረ ወይም የወለሉ ላሜራ ከተቀደደ በኋላ ነው።

ነገሩ ዛሬ ለነጋዴው ከቀድሞው ይልቅ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪናዎች ወደ አገር ሲገቡ ከባድ ታክስ እንዲከፈልባቸው ደነገገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ በአገር ውስጥ የሚገኘው መኪና በሌላ ይተካል ተብሎ በቸልታ የሚታይ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ፣ ተጠብቆ ረጅም ዘመን ሊያገለግል የሚገባው ሀብት ሆኗል።

በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት የምንፈልገው ዋና ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ዝገትን መሸፈን ዝገትን ማጥፋት አለመሆኑን ነው። ሳይጸዳና ሳይደርቅ የተቀባ ብረት፣ ጨርሶ ካልተቀባው ብረት ይልቅ ፈጥኖ የሚጎዳበት ጊዜ አለ።

የዝገት ጠባይ

ብረት የሚዝገው ውሃና በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን በአንድነት ሲያገኙት ነው። ጨው ብቻውን ብረትን አይበላም፤ ነገር ግን በውሃ ሲሟሟ ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ኃይሉ እንዲጨምር ስለሚያደርግ የዝገቱ ሥራ እጅግ ይፋጠናል። ከዚህም በቀር ጨው ከአየር እርጥበትን የሚስብ በመሆኑ፣ ዝናብ ባልዘነበበት ቀን እንኳ የብረቱን ገጽ ያረጥበዋል።

ዝገት እንደ ብረቱ ጥቅጥቅ ያለ አይደለም። እንደ ስፖንጅ ውሃ ይይዛል፤ ከተነሣበትም ብረት የበለጠ ስፍራ ስለሚፈልግ ቀለሙን ከሥር እየገፋ ያነሣዋል። በተነሣውም ቀለም ሥር አዲስ ውሃ ይገባል። በዚህ ዓይነት አንዲት ጠጠር የፋቀቻት ትንሽ ስፍራ በዓመታት ውስጥ የእጅ መዳፍ ታህል ዘንድ ትሰፋለች።

ጨው ከወዴት ይመጣል?

አብዛኛው የአገራችን የውጭ ንግድ ዕቃ የሚተላለፈው በጅቡቲ ወደብ ነው። በወደቡ የሚቆሙ አዳዲስ መኪናዎችም ሆኑ ዕቃ ሊጭኑ የሚወርዱ ከባድ መኪናዎች ጨው ያዘለውን የባሕር ነፋስ ይቀበላሉ። ከአፍዴራ ሐይቅ ጨው ወደ ደጋው የሚያመላልሱ ካሚዮኖች ደግሞ ጨውን በጭነታቸውም በጎማቸውም ይዘው ይጓዛሉ። በሦስተኛ ደረጃ፣ በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሲያገለግሉ ቆይተው ወደ አገራችን የገቡ አሮጌ መኪናዎች አሉ፤ በእነዚያ አገሮች በብርድ ወራት በረዶው እንዲቀልጥ ጨው በመንገድ ላይ ስለሚበተን ዝገቱን ይዘውት የመጡ ብዙዎች ናቸው።

ጨውም በቆላው ደረቅ አየር ብዙ ሳይጎዳ በሻንሲው እጥፋትና በፓራፋንጎው ውስጥ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። መኪናው ወደ ደጋው ወጥቶ ክረምት ሲገባ ግን ጭቃው በዚያው እጥፋት ላይ ተለጥፎ እርጥበቱን ይጠብቅለታል። ዝናቡ ፊት ለፊት የሚያገኘውን ጨው ያጥባል፤ በጭቃ የተሸፈነውን ግን አይደርስበትም። ስለዚህ ከባሕር ጠረፍ የመጣ ጉዳት በአዲስ አበባ ክረምት ጎልቶ ሲታይ ሊያስደንቅ አይገባም።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ ምርመራ

አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መኪናውን አስነሥቶ ሥሩን በቀን ብርሃንና በባትሪ ሊመለከት ይገባዋል። በተለይ የሚታዩት ስፍራዎች የሻንሲው መጋጠሚያዎች፣ ክሪክ የሚያርፍባቸው ቦታዎች፣ የባሌስትራ ማንጠልጠያዎች፣ የፍሬን ቧንቧዎች በማቀፊያቸው ሥር፣ የነዳጅ ማጠራቀሚያው ማሰሪያዎችና የበሮቹ ታችኛ ጠርዝ ናቸው። ከውስጥ በኩልም ምንጣፉ ተገልጦ ወለሉ ይታይ።

ከአሮጌ መኪና ሥር አዲስ ጥቁር ቅብ ሲታይ ገዢው ከመደሰት ይልቅ ይጠርጥር። እንዲህ ያለው ስፍራ በሻጩ ፈቃድ በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብሎ ይመታ፤ ጤናማ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ የተበላው ግን የታፈነ ድምፅ ያሰማል። በጫፉ ሲነካ ከጎደጎደ ወይም ቅርፊቱ ከረገፈ፣ ቅቡ የተቀባው ብረቱን ለመጠበቅ ሳይሆን ነውሩን ለመሰወር ነው።

የዝገት ደረጃ ሦስት ነው። አንደኛው በገጹ ላይ ብቻ የታየ፣ ሲፋቅ ንጹሕ ብረት የሚገለጥበት ነው፤ ይህ አያስፈራም። ሁለተኛው ቅርፊት አውጥቶ ብረቱን ያጎደጎደ ነው፤ ይህም ተገቢ ሥራ ከተሠራለት ይድናል። ሦስተኛው የበሳው ነው፤ ለዚህ ላሜራውን ቆርጦ በአዲስ ከመተካት በቀር ቀለምም መድኃኒትም አይረዳውም። በተለይ ሻንሲ የተበሳ እንደ ሆነ ለማንኛውም በያጅ የሚሰጥ ሥራ አይደለም። በአንዳንድ መኪናዎች የሻንሲው ብረት በእሳት የጠነከረ በመሆኑ ብየዳ ያዳክመዋልና የፋብሪካው መመሪያ ሳይታይ አይነካ።

ዝገትን ስለ ማስወገድ

ሥራው ትዕግሥት እንጂ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። ቅደም ተከተሉ ግን ሊዛነፍ አይገባም።

አንደኛ፤ የመኪናው ሥር በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ጭቃው ከእጥፋቶቹ፣ ከፓራፋንጎዎቹ ውስጥና ከሻንሲው ክፍተት እስኪወጣ ድረስ መታጠብ አለበት። ከዚያም ፈጽሞ ይድረቅ፤ በፀሐይ አንድ ሁለት ቀን ማቆየት ከችኮላ ይሻላል።

ሁለተኛ፤ መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ ይነሣ፤ ጎማዎቹ እንዳይንሸራተቱ ይደገፉ፤ ከሥሩም ጽኑ የብረት ማቆሚያ ይደረግ። በክሪክ ብቻ የተደገፈ መኪና ሥር ማንም ሰው አይግባ።

ሦስተኛ፤ ቅርፊቱ በመፋቂያ፣ ቀጥሎ በሽቦ ብሩሽ፣ በመጨረሻም በብርጭቆ ወረቀት ይወገድ። ሠራተኛው የዓይን መነጽር፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ እንዲሁም ጓንት ያድርግ። ፍቆቱ ዝገቱ ከታየበት ስፍራ አልፎ ጤናማው ቀለም እስኪደረስ ድረስ ይቀጥል፤ ዝገት ከቀለሙ ጠርዝ ሥር ገብቶ ይደበቃልና።

አራተኛ፤ ዘይትና ግሪስ ካለ በማጽጃ ይጠረግ፤ ማጽጃው ተቀጣጣይ ከሆነ እሳትና ሲጋራ ይራቅ።

አምስተኛ፤ በብረቱ ጉድጓዶች ውስጥ ሊወጣ ያልቻለ ስስ ዝገት ቢቀር ዝገት መለወጫ ፈሳሽ ይቀባ። ከእነዚህ ፈሳሾች አንዳንዶቹ ፎስፎሪክ አሲድ ሲኖራቸው፣ ሌሎቹ ታኒን አለባቸው፤ ታኒን የቆዳ ነጋዴዎቻችን በቆዳ ፋብሪካ የሚያውቁት ነው። ሁለቱም ዝገቱን ይበልጥ ወደማይንቀሳቀስ ነገር ይለውጡታል። ሆኖም የሚሠሩት ከብረቱ ጋር በተጣበቀ ስስ ዝገት ላይ ብቻ ነው፤ ቅርፊት በሆነው ላይ ቢፈስሱ ላዩን አጥቁረው ሥሩን እንደ ነበረ ይተዉታል።

ስድስተኛ፤ ፈሳሹ ከደረቀና መመሪያው የሚያዘው ከተፈጸመ በኋላ አንቲረስት ቀለም በስስ በስሱ ሁለት ጊዜ ይቀባ፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው አይጨመር። ብረቱ እስኪያብረቀርቅ የተፋቀ እንደ ሆነና መለወጫ ፈሳሽ ካልነካው፣ ዚንክ የበዛበት ቀለም የተሻለ ነው። ዚንክ ከብረት ጋር ተያይዞ በእርጥበት ውስጥ ሲገኝ ራሱ እየተበላ ብረቱን ያድናል። እ.ኤ.አ. በ1824 እንግሊዛዊው ሊቅ ሀምፍሪ ዴቪ በመርከብ የመዳብ ልባስ ላይ ዚንክ ወይም ብረት በማያያዝ መዳቡን ከባሕር ውሃ ጉዳት መጠበቅ እንደሚቻል አሳይቷል፤ የሁለቱም ሥርዓት አንድ ነው።

ዳግመኛ እንዳይመጣ

ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ጠጠር ለሚያገኛቸው ግልጥ ስፍራዎች ለታችኛ አካል የተሠራው ወፍራም ቅብ፣ ለሻንሲው ውስጥና ለተዘጉት ክፍተቶች ደግሞ ሰም መሰሉ መከላከያ ይስማማቸዋል። የፍሬን ዲስክና ከበሮ፣ የፍሬን ጎማ ቱቦ፣ ማርሚታና የጭስ ቧንቧ፣ የሚንቀሳቀሱ መጋጠሚያዎችና የኤሌክትሪክ ሽቦ ማያያዣዎች ግን እንዳይቀቡ ይሸፈኑ። በበርና በወለል ሥር ያሉት የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎችም ክፍት ሆነው ይቆዩ፤ እነርሱ የተደፈኑ እንደ ሆነ ለመጠበቅ የተሠራው ሥራ ውሃ ማጠራቀሚያ ይሆናል።

በአንዳንድ ጋራዦች የመኪናን ሥር በተቃጠለ የሞተር ዘይት የመቀባት ልማድ አለ። ይህ ለጥቂት ጊዜ ውሃ ቢያስወግድም ጎማ ነክ ክፍሎችን ያበላሻል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ በዝናብ ታጥቦም ወደ አፈርና ወደ ወንዝ ይወርዳል። ለሚቀባውም ሠራተኛ ቆዳ ጎጂ ስለ ሆነ ሊቀር የሚገባው ነው።

ከጅቡቲ ወይም ከአፍዴራ የተመለሰ መኪና ደጋው እንደ ደረሰ ሥሩ ይታጠብ። ላቫጆው የላዩን አካል ብቻ አሳምሮ እንዳይሰጥ ባለቤቱ ይቆጣጠር። በየዓመቱም ክረምት ሳይገባ፣ በግንቦት ወር፣ መኪናው ተነሥቶ ይመርመር፤ ቅቡ የተላጠበት ስፍራ ሳይውል ሳያድር ይጠገን።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪናዎች

የኤሌክትሪክ መኪና የጭስ ቧንቧ ባይኖረውም ከዝገት ነጻ አይደለም። በብዙዎቹ ባትሪው ከወለሉ ሥር ተቀምጦአል። የአሉሚኒየም ክፍል በብረት ቡሎን ከተያያዘና ጨዋማ ውሃ ካገኘው፣ ከዚህ በላይ ስለ ዚንክ በተናገርነው ሥርዓት አሉሚኒየሙ ይበላል። ስለዚህ ማጠቡና መመርመሩ ለእነዚህም ያስፈልጋል። ነገር ግን ብርቱካንማ ቀለም ያላቸው ሽቦዎች ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያልፍባቸው ስለ ሆኑ፣ በእነርሱና በባትሪው አጠገብ መፋቅ፣ መበየድ ወይም ፈሳሽ መርጨት የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው። ክሪኩም ፋብሪካው ባመለከተው ስፍራ እንጂ በባትሪው ሥር አይደገፍ።

ለባለ ሱቆችና ለአስመጪዎች

ደንበኛ መጥቶ ጥቁሩን ቅብ ብቻ ሲጠይቅ፣ ባለ ሱቁ መኪናው ዝጎ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቀው። ዝጎ ከሆነ የሽቦ ብሩሹን፣ ብርጭቆ ወረቀቱንና አንቲረስቱን አብሮ ያሳየው፤ የሚቀባበትንም ተራ ይንገረው። ይህ ሽያጭ ለመጨመር የሚደረግ ዘዴ ብቻ አይደለም። ቅቡን በዝገት ላይ ቀብቶ በዓመቱ ሲረግፍበት ያየ ደንበኛ የሚወቅሰው ራሱን ሳይሆን ዕቃውን የሸጠለትን ሱቅ ነው። አስመጪውም በሚያመጣው ዕቃ ላይ የአጠቃቀሙ መመሪያ ገዢው በሚያነበው ቋንቋ እንዲጻፍ ቢያደርግ ለዕቃው መልካም ስም ያተርፋል።

አንድ ብሩሽ፣ አንድ ጣሳ ቀለምና የሁለት ቀን ሥራ የሚያድኑት ብረት ችላ ሲባል ሙሉ ወለል፣ ከዚያም ሻንሲ ያስለውጣል፤ ፍሬኑንም የነካ እንደ ሆነ ጉዳቱ በገንዘብ የሚተመን አይሆንም። አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት ምክር ለዚህም ይሠራል፤ ዝገትም የሚሸነፈው ገና በገጹ ላይ ሳለ ነው።