ቅርጽ፣ ብርሃንና ተንቀሳቃሽ ምስል

በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ ከሚገኙት ጥንታዊ ቤቶች ወደ አንዱ የገባ እንግዳ ዓይኑ በመጀመሪያ የሚያርፈው በግድግዳው ላይ ነው። በልዩ ልዩ ቀለም የተዋቡ ስፌቶችና ሳህኖች በሥርዓት ተሰቅለው ይታያሉ። እንግዳው የሚቀመጠውም ደስ ባለው ስፍራ አይደለም። ነደባ ተብለው የሚጠሩት መደቦች ከፍታቸው የተለያየ ነው፤ እያንዳንዱ መደብ ለማን እንደሚገባም በልማድ የታወቀ ነው። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ቢኖር፣ በቤቱ ውስጥ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን ያመለክታል ይባላል። የመደቦቹ ቀይ ቀለምም በ1887 በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ተብሎ ይተረካል። (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ ልብ በሉ፤ በዚህ ቤት ውስጥ ማንም ሰው አፉን ከመክፈቱ በፊት ዕቃዎቹ በአቀማመጣቸው ብቻ ብዙ ነገር ተናግረዋል። የሐረሪ ቤት ለኑሮ እንጂ ለኤግዚቢሽን የተሠራ አይደለም። ሆኖም በዘመናችን ኢንስታሌሽን እየተባለ የሚጠራውን የሥነ ጥበብ ዓይነት ለመረዳት ከዚህ ቤት የተሻለ መነሻ አይገኝም።

ሐውልት ከድንጋይ፣ ከእንጨት ወይም ከብረት ተሠርቶ ለብቻው የሚቆም ሥራ ነው፤ ተመልካቹ ይዞረዋል እንጂ አይገባበትም። ኢንስታሌሽን ግን ብዙ ነገሮችን በአንድ ስፍራ አቀናብሮ ስፍራውን በሙሉ አንድ ሥራ የሚያደርግ ጥበብ ነው። ተመልካቹ ይገባበታል፤ ይመላለስበታል፤ አንዳንድ ጊዜም ጥላው ሳይቀር የሥራው ክፍል ይሆናል። በዚህ ቅንብር ላይ በፕሮጀክተር የሚፈነጠቅ ወይም በቴሌቪዥን የሚታይ ተንቀሳቃሽ ምስል ሲጨመር ሁለት ተቃራኒ ጠባዮች ይገናኛሉ። ቅርጹ ክብደት አለው፤ ይጨበጣል፤ በቦታው ይቆያል። ምስሉ ግን ክብደት የለውም፤ ይመጣል፣ ያልፋል፣ መብራት ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። የሠዓሊው ተግባር እነዚህን ሁለቱን ማስማማት ነው።

ይህን ጥበብ ከጀመሩት ሰዎች አንዱ በ1932 በሴኡል የተወለደው ናም ጁን ፓይክ ነው። ፓይክ በ1963 በጀርመን አገር፣ በቩፐርታል ከተማ ቴሌቪዥኖችን የሥነ ጥበብ ሥራ አድርጎ አቀረበ። በ1974 ደግሞ አንድ የቡድሃ ሐውልት ከቴሌቪዥን ፊት ለፊት አስቀመጠ፤ ካሜራ የሐውልቱን ምስል እያነሣ በዚያው ቴሌቪዥን ላይ ያሳያል። ሐውልቱ ራሱን ይመለከታል፤ ተመልካቹም የጥንቱና የዛሬው ፊት ለፊት ተፋጠው ያያል። እዚህ ላይ ሐውልቱ ቢነሣ ቴሌቪዥኑ የሚያሳየው ባዶ ስፍራ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ቢነሣ ደግሞ የሚቀረው ተራ ሐውልት ነው።

ከኢትዮጵያ ጋር የትውልድ ዝምድና ያለው ቴዎ እሸቱም በዚህ መስክ የታወቀ ነው። በ1958 በለንደን የተወለደው ይህ የቪዲዮ ሠዓሊ በ2009 «የአክሱም ሐውልት መመለስ» የተሰኘ ሥራ አቅርቧል። 24 ሜትር ርዝመት ያለው የአክሱም ሐውልት በ1937 ወደ ሮማ ተወስዶ፣ በ2005 በአውሮፕላን ተመልሶ፣ በ2008 በአክሱም እንደገና መቆሙ ይታወቃል። ቴዎ እሸቱ ይህን ታሪክ በአንድ ፊልም አልተረከም፤ በ15 ቴሌቪዥኖች ከፋፍሎ ጎን ለጎንና አንዱን ባንዱ ላይ ደረደራቸው እንጂ። አደራደሩ የንግሥት ሳባን ታሪክ በተርታ በተከፋፈሉ ሥዕሎች የሚያሳየውን የአገራችንን የአሣሣል ልማድ ያስታውሳል። በሦስት ክፍል ሆኖ የተጓዘው ሐውልት ታሪኩም በተከፋፈለ ምስል ሲቀርብ፣ የአቀራረቡ ቅርጽ ከነገሩ ጋር ተስማማ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አሠራሩ እንለፍ። በሐረር የሚገኙ ተማሪዎች ስለ ስፌት ሙያ እንዲህ ያለ ሥራ ለማዘጋጀት አሰቡ እንበል። በአንድ ክፍል ግድግዳ ላይ ስፌቶችን እንደ ልማዱ ይሰቅላሉ፤ በመካከል ግን የአንዱን ስፌት ቦታ ባዶ ይተዉታል። በዚያ ባዶ ቦታ ላይ በኖራ የተቀባ ክብ ሰሌዳ ያኖራሉ፤ በሰሌዳውም ላይ ስፌት የሚሰፉ የአንዲት እናት እጆች በፕሮጀክተር ይታያሉ። ይህን ለመፈጸም ቢያንስ አራት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው የብርሃን መጠን ነው። የፕሮጀክተር ብርሃን የሚለካው በሉመን ነው። የ3,000 ሉመን ብርሃን 3 ሜትር በ2 ሜትር በሆነ ምስል ላይ ሲያርፍ፣ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 500 ሉመን ይደርሰዋል። ፕሮጀክተሩን ሁለት እጥፍ ብናርቀው የምስሉ ስፋት ከ6 ወደ 24 ካሬ ሜትር ያድጋል፤ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚደርሰውም 125 ሉመን ብቻ ይሆናል። ርቀቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ድምቀቱ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል ማለት ነው። የቀትር ፀሐይ ለአንድ ካሬ ሜትር 100,000 ሉመን ያህል ስለምትሰጥ፣ በቀን በአደባባይ ምስል ለማሳየት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። በሐረር ግን ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ይጨልማል።

ሁለተኛው ምስሉ የሚያርፍበት ገጽ ነው። በኖራ የተለሰነ ነጭ ግድግዳ የተቀበለውን ቀለም ሁሉ አንጸባርቆ ይመልሳል። ቀይ አፈር የተቀባ መደብ ግን ቀዩን መልሶ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ይውጣል። ስለዚህ ሰማያዊ ምስል በቀይ መደብ ላይ ጨልሞ ይታያል።

ሦስተኛው አቅጣጫና ጥላ ነው። ፕሮጀክተሩ ከተመልካቹ በስተኋላ ቢቀመጥ፣ ተመልካቹ ወደ ስፌቱ ሲጠጋ ጥላው የሰፊዋን እጆች ይሸፍናል። ከላይ በሰያፍ ቢሰቀል ጥላው ይቀንሳል፤ ነገር ግን ክቡ ሞላላ፣ አራት ማዕዘኑም በአንድ በኩል ሰፊ በሌላው ጠባብ ስለሚሆን ምስሉን አስቀድሞ ማስተካከል ይገባል። እዚህ ላይ አሳብ ያለው ሠሪ ቆም ብሎ ይጠይቃል። ሙያውን ሊማር የቀረበው ሰው ራሱ እጆቹን ቢጋርዳቸው ይህ ጉድለት ነውን፣ ወይስ መናገር የምንፈልገው ነገር ነው? መልሱን የሚሰጠው መሣሪያው ሳይሆን አሳቡ ነው።

አራተኛው ድምፅና ጊዜ ነው። በጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ ነው። ድምፅ አንድን ስፍራ ስም እስከ ማሰጠት ከደረሰ፣ በሥራችን ውስጥ የሣሩ መንኳኳትና የወስፌው ፍጭት ቢሰማ ምን ያህል ኃይል እንደሚኖረው መገመት አያዳግትም። ተመልካች በፈለገው ሰዓት ስለሚገባም ምስሉ መጀመሪያና መጨረሻው ሳይለይ ተያይዞ ቢዞር መልካም ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። ጀጎል በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባ፣ ሰዎችም የሚኖሩበት ከተማ ነው። በጥንታዊ ግንብ ላይ ሚስማር የሚመታ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በሰው ቤት ግድግዳ ላይ ምስል የሚያሳይ፣ ሳያስፈቅድ የሰው ፊት የሚቀርጽ ሁሉ ያከበረ መስሎ ያዋርዳል። ብርሃን ግድግዳን አያቆስልም፤ የሰውን ክብር ግን ሊያቆስል ይችላል።

ምስልም ቢሆን በራሱ አይጸናም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1883 በሐረር ያነሣቸው ፎቶግራፎች፣ ለማጠቢያ በተጠቀመበት ውሃ መጥፎነት የተነሣ መንጣታቸውን በደብዳቤው ገልጾ ነበር። የዛሬው ቪዲዮም በተለያየ ቦታ ተገልብጦ ካልተቀመጠ ዕድሜው አጭር ነው። የእናቲቱን እጆች በምስል ማኖር መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ምስሉን አይተው ስፌቱን የሚይዙ ልጆች ካልተገኙ፣ በግድግዳው ላይ የተተወው ባዶ ቦታ በብርሃን እንደ ተሸፈነ ባዶ ሆኖ ይቀራል።

መልመጃ

1. በሐውልትና በኢንስታሌሽን መካከል ያለውን ልዩነት በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።
2. ፕሮጀክተሩ ከግድግዳው ሦስት እጥፍ ቢርቅ የምስሉ ድምቀት ስንት እጅ ይቀንሳል? ምክንያቱንም ጻፉ።
3. በምትኖሩበት አካባቢ ሊጠፋ የተቃረበ አንድ የእጅ ሙያ ምረጡ። ሙያውን በቅርጽና በተንቀሳቃሽ ምስል እንዴት እንደምታሳዩት የሚያስረዳ፣ ሦስት አንቀጽ ያለው ገላጭ ድርሰት ጻፉ።