የሾተል ዝናና የሾተል ግብር

የየጁ መሳፍንት በጎንደር ቤተ መንግሥት እንደራሴ ሆነው አገር ባስተዳደሩበት በዘመነ መሳፍንት፣ ዛሬ መርሳና ሐብሩ ከሚባለው ምድር ተነሥቶ የሚዘምት ሰው በግራ እጁ ጋሻ፣ በቀኝ እጁ ጦር ይዞ፣ ወገቡን በሾተል ወይም በጎራዴ ይታጠቅ ነበር፤ ከሦስቱም ዝናው ለትውልድ የተረፈው የሰይፉ ነው፣ የጦር ሜዳውን ሥራ ይበልጡን የሠራው ግን ጦሩ ነው።

ሾተል በሁለት ወገን የተሳለ፣ እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ እጀታው ከእንጨት ወይም ከቀንድ የተበጀ፣ ለጣት መከለያ የሌለው ሰይፍ ነው። ጉብጠቱም ለጌጥ አይደለም፤ ባላጋራው ከክብ የቆዳ ጋሻው ኋላ ተከልሎ ሲጠብቅ፣ የቀናው ስለት ጋሻውን መትቶ ሲመለስ፣ የሾተሉ ጫፍ በጋሻው ከንፈር ዞሮ ትከሻውን ወይም ጎኑን እንዲያገኘው ነው። ይህ ሁሉ ሲወደስ ዋጋው ግን አይነገርም፤ አብዝቶ የጎበጠ ስለት ከአፎቱ በፍጥነት አይመዘዝም፣ ክብደቱም ከእጀታው መሥመር ስለሚወጣ ሲመቱበት በመዳፍ ውስጥ ይዞራል፣ የሌላውንም ምት ለመመከት አይመችም። መመከት የጋሻ ፈንታ ነበርና ባለ ሾተሉ ጋሻውን ካጣ እኩሌታ መሣሪያውን አጣ ማለት ነው። የአውሮፓ መንገደኞች የእኛ ሰው ሰይፉን በቀኝ ጎኑ መታጠቁን አይተው ይደነቁ ነበር፤ ግራ ክንዱ በጋሻ መያዙን ልብ ቢሉት ኖሮ ባልተደነቁ።

ብረት ይቆርጣል እየተባለ የሚወራለት የጃፓን ሰይፍም ዕጣው ይኸው ነው፤ ዝናው የሰይፉ፣ ሥራው የሌላ መሣሪያ ነው። ሳሙራይ የሚባሉት ጭፍሮች ለብዙ ዘመን የተዋጉት በፈረስ ላይ ሆነው በቀስት፣ ቀጥሎም በጦር፣ ኋላም በጠመንጃ ነው። አንጥረኛው ብረቱን ደጋግሞ እያጠፈ የሚቀጠቅጠውም፣ ከብረታማ አሸዋ የቀለጠው ጥሬ ብረት ጉድፍ የበዛበትና ወጥ ያልሆነ ስለነበረ እርሱን ለማጥራት ነው እንጂ ምሥጢር ኖሮት አይደለም። ጀርባውን ወፍራም ጭቃ፣ ስለቱን ስስ ጭቃ ቀብቶ አግሎ ውኃ ሲነክረው ስለቱ ይጠነክራል፣ ጀርባው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ ግሩም ጥበብ ነው፣ ነገር ግን እጅግ የጠነከረ ስለት አጥንትና ብረት ሲያገኝ ይሸረፋል።

የእኛ መኳንንት ጎራዴማ የበለጠ ያስገርማል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሞዓ አንበሳና የአገራችን ፊደል ተቀርጾበት በየመኳንንቱ ወገብ ይታይ የነበረው ስለት፣ ብዙ ጊዜ ጀርመን አገር በዞሊንገን ከተማ ተሠርቶ በመርከብ የመጣ ነው፤ እጀታው ብቻ እዚህ ከአውራሪስ ቀንድ ይበጅለት ነበር። የአገሩ ቀጥቃጭ በቆዳ ወናፍ ከሰሉን እያነደደ የጦር ጫፍ፣ ማረሻና ማጭድ ሲያወጣ ኖሮ፣ ምስጋናው ቀርቶ ቡዳ ተብሎ ሲሰደብ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር ዐዋጅ አስነገሩ። መርሳ ገበያ ማሽላ ሊያጭድ ማጭድ የሚገዛ ገበሬ ዛሬም የዚያኑ ቀጥቃጭ እጅ ሥራ ይገዛል፤ ብረቱ ግን አሁን የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ሊሆን ይችላል።

ከመርሳ ወደ ደሴ ሲሄዱ በምትገኘው በውጫሌ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በደም ሲፈርስ፣ ከሠራዊቱ የሚበዛው ጠመንጃ ይዞ ነበር፤ ጦርና ጎራዴ የያዘውም ውጊያው ከተደባለቀ በኋላ ገብቶ ተዋግቷል። ጠመንጃ ሲበዛ ጋሻ ቀረ፣ ጋሻ ሲቀር የሾተል ጉብጠት የሚዞርበት አጣ። በጃፓን መንግሥቱ በ1868 ዓ.ም. ሰይፍ ታጥቆ መውጣትን ለብዙው ሰው በዐዋጅ ከለከለ፤ በእኛ ዘንድ ግን የሚከለክል አልነበረም፣ ይልቁንም ቤተ መንግሥት በወርቅ አስጊጦ ለራስና ለደጃዝማች ሲሸልመው፣ የሰይፍ ክብር ከፍ ያለው ሥራው ባለቀበት ዘመን ሆነ።