የንብረት ግብር ግምት ሲበዛ፦ የሜሪላንድ ቤት ባለቤቶች የይግባኝ መብትና አካሄዱ

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ለገና በዓል በሚዘጋጁበት ሰሞን፣ የቤት ባለቤት ከሆኑት መካከል ሲሶ ለሚሆኑት ከግዛቲቱ የንብረት ግምትና ግብር መሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። ደብዳቤው የክፍያ መጠየቂያ ስላልሆነ ብዙዎች ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ደርበው ያስቀምጡታል። በውስጡ የሰፈረው ቁጥር ግን የቤተሰቡን የሦስት ዓመት የንብረት ግብር የሚወስን ነው። ቁጥሩን ለመቃወም የተሰጠው ጊዜም 45 ቀን ብቻ ነው።

አብዛኛው ቤት በባንክ ብድር የተገዛ በመሆኑ፣ ግብሩን ባለቤቱ በቀጥታ አይከፍልም። ባንኩ በየወሩ ከሚሰበስበው ክፍያ ላይ ቀንሶ በባለቤቱ ስም ይከፍላል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው የግብሩን መጨመር የሚያውቀው ወርኃዊ የቤት ክፍያው ከፍ ሲል ነው። በዚያን ጊዜ የይግባኙ ቀን ካለፈ ወራት ተቆጥረዋል።

ግምቱ የሚወጣው እንዴት ነው?

በኢትዮጵያ ከተሞች "የጣሪያና ግድግዳ ግብር" በሚል ስም የሚታወቀው ክፍያ፣ ቤቱ ቢከራይ በዓመት ሊያስገኝ በሚችለው ዋጋ ላይ የተመሠረተ ነው። የሜሪላንድ የንብረት ግብር መነሻ ደግሞ ቤቱ በገበያ ቢሸጥ ሊያወጣ የሚችለው ዋጋ ነው። ዋጋውን የሚገምተው የግዛቲቱ መሥሪያ ቤት ነው። የግብሩን ምጣኔ የሚወስኑት ደግሞ ካውንቲዎችና ከተሞች ናቸው።

በግዛቲቱ ያሉ ንብረቶች በሦስት ምድብ ተከፍለው፣ እያንዳንዱ ምድብ በየሦስት ዓመቱ አንድ ጊዜ እንደገና ይገመታል። ተራው የደረሰው ምድብ ማስታወቂያውን የሚያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዲሴምበር መጨረሻ፣ ማለትም በታኅሣሥ አጋማሽ ገደማ ነው። ግምቱ ቤቱ በጃንዋሪ 1 ቀን ያለውን ዋጋ ያመለክታል።

ገማቾች እያንዳንዱን ቤት ከፍተው አይመለከቱም። የሚሠሩት በመዝገብ ላይ ባለው የቤቱ ስፋት፣ የመታጠቢያ ክፍሎች ብዛት፣ የግንባታ ዘመንና ጥራት እንዲሁም በአካባቢው በተሸጡ ቤቶች ዋጋ ነው። መዝገቡ ከተሳሳተ ግምቱም አብሮ ይሳሳታል። ውስጡ ያረጀና እድሳት የሚፈልግ ቤትም ከታደሰው ጎረቤቱ ጋር እኩል ሊገመት ይችላል። የይግባኝ መብት ትልቁ ጥቅም ይህን ክፍተት ማረም ነው።

ከግምት እስከ ክፍያ

አዲሱ ግምት ከቀድሞው ከፍ ያለ ከሆነ ጭማሪው በአንድ ጊዜ አይጫንም። ለሦስት ዓመት እኩል ተከፋፍሎ ይገባል። ግምቱ ከቀነሰ ግን ቅናሹ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ይሠራል።

ለምሳሌ በ450 ሺህ ዶላር ተገምቶ የነበረ ቤት አዲስ ግምቱ 540 ሺህ ዶላር ሆነ እንበል። ጭማሪው 90 ሺህ ዶላር ነው። ስለዚህ ግብር የሚታሰብበት ዋጋ በመጀመሪያው ዓመት 480 ሺህ፣ በሁለተኛው 510 ሺህ፣ በሦስተኛው 540 ሺህ ዶላር ይሆናል። ለስሌት እንዲቀል ጠቅላላ የግብር ምጣኔው ለየ100 ዶላሩ 1 ዶላር ነው ተብሎ ቢታሰብ፣ ክፍያው ከ4 ሺህ 500 ዶላር ተነሥቶ ወደ 4 ሺህ 800፣ ቀጥሎ ወደ 5 ሺህ 100፣ በመጨረሻም ወደ 5 ሺህ 400 ዶላር ከፍ ይላል።

ባለቤቱ ይግባኝ ብሎ ግምቱ ወደ 510 ሺህ ዶላር ዝቅ ቢልለት፣ ግብር የሚታሰብበት ዋጋ በቅደም ተከተል 470 ሺህ፣ 490 ሺህና 510 ሺህ ዶላር ይሆናል። በመጀመሪያው ዓመት 100፣ በሁለተኛው 200፣ በሦስተኛው 300፣ በድምሩ 600 ዶላር ይቆጥባል። ገንዘቡ ባለጸጋ የሚያደርግ አይደለም። ነገር ግን የሚጠይቀው ጥቂት ሰዓታትና ጥቂት ወረቀቶች ብቻ ነው። ቀጣዩ ግምትም ከዚህ ከታረመው ቁጥር ስለሚነሣ፣ እርማቱ ከሦስቱ ዓመታት በኋላም ያገለግላል።

ይግባኝ የሚባልባቸው ጊዜያት

የመጀመሪያውና ዋነኛው ጊዜ የግምት ማስታወቂያው በወጣ በ45 ቀን ውስጥ ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ደብዳቤው ላይ ከሰፈረው ቀን እንጂ ባለቤቱ ከፍቶ ካነበበበት ቀን አይደለም።

ሁለተኛው፣ ተራቸው ባልደረሰ ዓመታት ባለቤቶች የሚያቀርቡት የግምት ይታይልኝ ጥያቄ ነው። ይህም ከጃንዋሪ 1 ቀጥሎ ባለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ድረስ መግባት አለበት። ሦስተኛው ለአዲስ ገዢዎች የተሰጠ ነው። ከጃንዋሪ 1 እስከ ጁን 30 ባለው ጊዜ ቤት የገዛ ሰው፣ ንብረቱ በተዛወረለት በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። የገዛበት ዋጋ ከግምቱ ያነሰ ከሆነ ይህ ዕድል ሊያመልጠው አይገባም።

"ዝም አይነቅዝም" የሚለው አባባል በዚህ ጉዳይ አይሠራም። ቀኑ ካለፈ ባለቤቱ ግምቱን እንደተቀበለ ይቆጠራል።

የሚያሳምነው ማስረጃ የትኛው ነው?

ይግባኝ የሚቀርበው በግብሩ ላይ አይደለም፤ በቤቱ ዋጋ ላይ ነው። ብዙ አቤቱታዎች ፍሬ አልባ የሚሆኑትም ይህ ልዩነት ስለማይስተዋል ነው። "ግብሩ በዛብኝ"፣ "ገቢዬ አልጨመረም"፣ "ካለፈው ጋር ሲነጻጸር በብዙ እጅ አድጓል" የሚሉት ሁሉ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ገማቹ የሚጠየቀው ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይህ ቤት በጃንዋሪ 1 ቢሸጥ ይህን ዋጋ ያወጣ ነበር ወይስ አያወጣም?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆኑ ማስረጃዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው የመዝገብ ስሕተት ነው። ባለቤቱ ገማቹ የተጠቀመበትን የቤቱን ዝርዝር ቅጽ ያለ ክፍያ ጠይቆ መውሰድ ይችላል። ቅጹ ላይ ያለው ስፋት ከቤቱ ጋር ይመሳሰላል? ያልተሠራ ቤዝመንት እንደተሠራ ተጽፏል? ሁለት መታጠቢያ ክፍል ያለው ቤት ሦስት ተብሎ ተመዝግቧል? እንዲህ ያለ ስሕተት ከተገኘ ክርክሩ አጭር ነው።

ሁለተኛው የሽያጭ ንጽጽር ነው። የግዛቲቱ መሥሪያ ቤት የንብረት መረጃ ለማንም ሰው በነጻ በኢንተርኔት ክፍት ነው። ከዚያ ላይ በዚያው ሠፈር የሚገኙ፣ በስፋት፣ በዕድሜና በዓይነት የሚቀራረቡ፣ ከጃንዋሪ 1 በፊት በነበሩት ወራት የተሸጡ ቤቶችን መምረጥ ይቻላል። ሦስት ወይም አራት ተቀራራቢ ሽያጭ፣ ከተራራቁ ዐሥር ሽያጮች ይበልጣል። በሌላ ሠፈር ያለ ርካሽ ቤት ወይም በዘመድ መካከል በቅናሽ የተዛወረ ቤት ግን ክብደት አይሰጠውም።

ሦስተኛው የቤቱ ይዞታ ነው። የሚያፈስ ጣሪያ፣ የተሰነጠቀ መሠረት፣ ውኃ የሚገባበት ቤዝመንት ካለ ቀን ያለው ፎቶግራፍና ከጥገና ባለሙያ የተሰጠ የዋጋ ግምት ማያያዝ ይረዳል።

በዚህ ረገድ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመዝገብ እርማት ወደ ታች ብቻ ላይሆን ይችላል። ባለቤቱ ያሠራው፣ በመዝገብ ላይ ግን የሌለ ክፍል ካለ፣ ምርመራው ግምቱን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ቅጹን በጥንቃቄ ማንበብ ከአቤቱታው መቅደም አለበት።

ሦስቱ የይግባኝ ደረጃዎች

የመጀመሪያው ደረጃ በራሱ በግምት መሥሪያ ቤቱ የካውንቲ ቅርንጫፍ የሚካሄድ ነው። ባለቤቱ ከማስታወቂያው ጋር የተላከውን ቅጽ ሞልቶ ይመልሳል። ጉዳዩ በአካል፣ በስልክ ወይም በጽሑፍ እንዲታይለት መምረጥም ይችላል። ውይይቱ የፍርድ ቤት ሥርዓት የለውም። ጠበቃም አያስፈልግም። ቋንቋው የሚያስቸግረው ሰው ማስረጃውን በጽሑፍ አዘጋጅቶ ማቅረቡ፣ ወይም በጽሑፍ የወከለው ሰው እንዲናገርለት ማድረጉ ነገሩን ያቀልለታል። ውሳኔው በደብዳቤ ይደርሰዋል።

በውሳኔው ያልረካ ባለቤት በ30 ቀን ውስጥ ወደ ሁለተኛው ደረጃ፣ ወደ ንብረት ግብር ግምት ይግባኝ ሰሚ ቦርድ መሄድ ይችላል። ቦርዱ በየካውንቲውና በባልቲሞር ከተማ የሚገኝ ሲሆን፣ ሦስት አባላት ያሉትና ከግምት መሥሪያ ቤቱ ነጻ የሆነ አካል ነው። ጉዳዩን እንደ አዲስ ያያል። በሁለቱም ደረጃዎች አቤቱታ ለማቅረብ ክፍያ አይጠየቅም።

ሦስተኛው ደረጃ የሜሪላንድ የግብር ፍርድ ቤት ነው። የቦርዱ ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ አሁንም በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል። ከዚያ በላይ ያለው ክርክር ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት የሚያመራ ነው። ለመኖሪያ ቤት ግን ከሚገኘው ቅናሽ ወጪው ሊበልጥ ይችላል።

ይግባኙ በሂደት ላይ እያለ የግብሩ ክፍያ አይቆምም። ባለቤቱ በጊዜው መክፈል አለበት። ከተረታለት የከፈለው ትርፍ ይመለስለታል። ካልከፈለ ግን ወለድና ቅጣት ይከተለዋል።

ይግባኝ ብቻውን የማይፈታው ችግር

ግምቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ክፍያው የሚከብደው ቤተሰብ አለ። እንዲህ ላለው ቤተሰብ መፍትሔው ያለው በይግባኝ ሳይሆን በሌሎች ሁለት መብቶች ነው።

አንደኛው ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ቤት የሚሰጠው የግብር ጭማሪ ገደብ ነው። በዚህ መሠረት ግብር የሚታሰብበት ዋጋ በዓመት ከተወሰነ መቶኛ በላይ እንዳያድግ ይደረጋል። ለግዛቲቱ ድርሻ ገደቡ 10 በመቶ ሲሆን፣ ካውንቲዎችና ከተሞች ከዚያ ዝቅ ማድረግ ይችላሉ። በባልቲሞር ከተማ 4 በመቶ ነው። ገደቡ በራሱ አይመጣም፤ ባለቤቱ አንድ ጊዜ ማመልከት አለበት። ቤት ሲሸጥም የሻጩ ገደብ ለገዢው አይተላለፍም።

ገደቡ የይግባኙን ስሌት ጭምር ይለውጣል። ከላይ የተጠቀሰው ቤት በባልቲሞር ቢሆንና ገደቡ ቢኖረው፣ ለከተማው ግብር የሚታሰብበት ዋጋ በመጀመሪያው ዓመት ከ468 ሺህ ዶላር አያልፍም። ይግባኙ የሚያስገኘው 470 ሺህ ከዚህ ይበልጣል። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በከተማው ግብር ላይ ምንም ቅናሽ አይመጣም። የሚቀንሰው የግዛቲቱ ድርሻ ብቻ ነው። የግዛቲቱ ምጣኔ ለዓመታት ለየ100 ዶላሩ 11.2 ሳንቲም ሆኖ የቆየ በመሆኑ፣ ቅናሹ በሦስት ዓመት 67 ዶላር ገደማ ነው። ሰው ለይግባኝ ከመነሣቱ በፊት ገደቡ እንዳለውና እንደሌለው ማረጋገጥ የሚገባው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው በገቢ ላይ የተመሠረተው የግብር ቅናሽ ነው። የቤተሰቡ ጠቅላላ ዓመታዊ ገቢ ከ60 ሺህ ዶላር ያልበለጠ፣ ከመኖሪያ ቤቱና ከጡረታ ቁጠባው ውጪ ያለው ሀብትም ከ200 ሺህ ዶላር በታች የሆነ ባለቤት ማመልከት ይችላል። ማመልከቻው በየዓመቱ የሚታደስ ሲሆን የመጨረሻው ቀን ኦክቶበር 1 ነው። በጡረታ ለሚኖሩ አረጋውያን ወላጆች ይህ መብት ከይግባኝ የበለጠ እፎይታ ሊሰጥ ይችላል።

ከሜሪላንድ ውጪ

የይግባኝ ሕግ ከግዛት ግዛት ይለያያል። በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ ግምቱ በየዓመቱ የሚወጣ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ደረጃ አቤቱታ እስከ ኤፕሪል 1 ይቀርባል። በቨርጂኒያ ደግሞ ግምቱን የሚያወጡት ካውንቲዎችና ከተሞች ራሳቸው በመሆናቸው ቀኑም አካሄዱም እንደየአካባቢው ነው። አስተማማኙ መመሪያ ከማስታወቂያው ጋር የሚመጣው ወረቀት ነው።

በኢትዮጵያም የንብረት ታክስ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። ግብር በንብረት ዋጋ ላይ ሲመሠረት፣ ዋጋውን ማን ገመተው፣ በምን መረጃ ገመተው፣ ስሕተት ሲኖር በስንት ቀን ለማን ይቀርባል የሚሉት ጥያቄዎች የማንኛውም ቤት ባለቤት ጥያቄዎች ይሆናሉ። የሜሪላንድ አሠራር የሚያሳየው፣ ግምትን መቃወም ግብርን መሸሽ ሳይሆን የግብር ሥርዓቱ አንድ ክፍል መሆኑን ነው።

ለሜሪላንድ ነዋሪ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ቀላል ተግባር ነው፤ ታኅሣሥ ላይ የሚመጣውን ፖስታ ከፍቶ ማንበብ፣ ቀኑን ምልክት ማድረግና ቅጹ ላይ ያለው ቤት በእርግጥ የሚኖርበት ቤት መሆኑን ማየት።