የታምቡር ፍሬንና የእጅ ፍሬን፦ አሠራራቸውና የሚያሻቸው ጥንቃቄ

ብዙ የሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤቶች ለአገልግሎት የሚሠማራ ተሽከርካሪ አላቸው። ተሽከርካሪው በጉዞ ላይ ሳለ ጥንቃቄ ይደረጋል፤ ሲቆም ግን ብዙ አይታሰብበትም። ሆኖም በተዳፋት ግቢ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሥፍራ የቆመን ፒካፕ ይዞ የሚያቆየው አብዛኛውን ጊዜ በኋላ ጎማዎቹ ውስጥ የተሰወረው የፍሬን ሸራ ነው።

ታምቡር ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ከበሮ ነው። በውስጡ ሸራ የተለበጠባቸው ሁለት ግማሽ ክብ ብረቶች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አሽከርካሪው ፔዳሉን ሲረግጥ የፍሬን ዘይቱ ተገፍቶ በብረቶቹ ጫፍ መካከል ወዳለው ትንሽ ፓምፕ ይደርሳል። ፓምፑ ሁለቱን ብረቶች ወደ ውጭ ይገፋል፤ ሸራውም ከታምቡሩ ግድግዳ ጋር ተፋትጎ ጎማውን ያቆማል። ፔዳሉ ሲለቀቅ ሞላዎች ብረቶቹን ወደ ቦታቸው ይመልሳሉ። የሚዞረው ታምቡር ከሁለቱ አንዱን ሸራ ወደ ራሱ ስለሚስበው፣ ከእግሩ ግፊት የበለጠ ኃይል ይገኛል።

የእጅ ፍሬን ግን ዘይት አያስፈልገውም። ማንሻው ሲሳብ ካቦው ይወጠራል፤ ካቦውም በታምቡሩ ውስጥ ያለችውን ዘንግ ስቦ ሁለቱንም ሸራዎች ከግድግዳው ጋር ያጣብቃል። ማንሻው እንዳይመለስ ባለ ጥርስ መቆለፊያ ይይዘዋል። ስለዚህ ዘይቱ ቢፈስም የእጅ ፍሬኑ ሊሠራ ይችላል።

ይሁን እንጂ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ የእጅ ፍሬን ከዘይቱ ነጻ ቢሆንም ከሸራው ነጻ አይደለም። ሸራው ካለቀ፣ ወይም ከፓምፑ የሚያንጠባጥብ ዘይት ካረሰው፣ የእግሩም የእጁም ፍሬን በአንድነት ይደክማሉ። ማንሻው ከወትሮው ከፍ ብሎ ካልተሳበ የማይዝ ከሆነ ካቦው ላልቷል ወይም ሸራው ሳስቷል ማለት ነው። ካቦውን ብቻ አጥብቆ ማለፍ ምልክቱን መሸፈን ስለሚሆን፣ ታምቡሩ ተከፍቶ ይታይ።

ታምቡር ሙቀትን ቶሎ አያወጣም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ እንደሚወርደው ባለ ረጅም ቁልቁለት ፍሬን ያለማቋረጥ ቢረገጥ፣ ሸራው ግሎ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። መፍትሔው ቁልቁለቱን ከመጀመር በፊት ማርሽ መቀነስ ነው። ወንዝ ከተሻገሩ በኋላም ታምቡሩ ውኃ ሊይዝ ስለሚችል፣ በዝግታ እየሄዱ ፔዳሉን ቀስ አድርጎ በመርገጥ ማድረቅ ይገባል።

ኮሚቴዎች የሚከተሉትን ቢያስፈጽሙ ይበጃል፦

• በጎማው ውስጠኛ ገጽ ላይ የዘይት እርጥበት መኖሩንና የፍሬን ዘይቱ መጠን መጉደሉን በየሳምንቱ ማየት፤
• በእያንዳንዱ ሰርቪስ የሸራውን ውፍረት አስለክቶ በመዝገብ ማስፈር፤
• በተዳፋት ሲቆም ከእጅ ፍሬኑ በተጨማሪ ማርሽ ማስገባትና በጎማው ሥር ታኮ ማድረግ፤ ሲነሡም ታኮውን ከመንገድ ማንሣት።

ሸራ መለወጥ ከሌሎች ጥገናዎች ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ወጪ ነው። ወጪውን ለሚቀጥለው በጀት ማስተላለፍ ግን የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።